ካሴቶቼን ሳራግፍ

ሰኞ

አከራዬ ዛሬም መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሜ እጄ እስኪላጥ አንኳኳሁ ብሎ አኩርፎ ገባ። ደወሉ ተበላሽቷል፤ ከመነጫነጭ እሱን ብታሠራልኝ አይሻልም ወይ አልኩት። መልሶ ምን እንዳለ እንጃ፤ ሰውዬው ሲናደድ ጢሙ ውስጥ ነው የሚያወራው። ነገሩ ግን የታወቀ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ቤቱን ይፈልገዋል።

እኔ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። "እማዬ፣ አንድ ቁምሳጥን አስለቅቄልሻለሁ" አለችኝ፣ ቤተ መንግሥት ያስለቀቀችልኝ ይመስል። ቁምሳጥኑ ለልብሴ ነው ለካሴቶቼ? ኋላ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ አራት መደርደሪያ ሙሉ ካሴት አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ሰው ሲያስቀዳ፣ እኔ ስቀዳ የተከማቸ። ግማሹ የትም ይገኛል፤ ይሂድ። ግማሹን ግን ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ እዚሁ ኋላ ክፍል እኔው ነኝ የቀዳሁት። ፀጉር አስተካካዩ፣ ነርሷ፣ ልብስ ሰፊው፣ የመጋዘን ዘበኛው። አንዳቸውም ፖስተር ላይ አልወጡም። ዘፈናቸው ከእኔ መደርደሪያ በቀር የትም የለም።

አማቼ "እማማ፣ ሁሉም አውራ ጣት የምታክል ፍላሽ ውስጥ ይገባል" ይለኛል። አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። ጥፍሩን እንኳ አልቆረጠም።

ረቡዕ

መምህሯ መጣች። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። ለካሴት ቦታም ማጫወቻም የለንም፣ በፍላሽ ከሆነ ግን ሁሉንም እንወስዳለን፣ ተማሪ ይማርበታል አለች። ደግ ልጅ ናት፤ ድምፅ ግን አልፈጠረባትም። እንዲህ እየተለሳለሰች ተማሪው እንዴት እንደሚሰማት እንጃ። በየመሃሉ "እህ?" እያልኩ ደከመኝ።

ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች። የምትፈልገውን አውቄያለሁ። አባቷ ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሷ ገና ዳዴ ሳትል ሞተ። አንድ ምሽት፣ በስንት ልመና፣ ኋላ ክፍል ገብቶ ዘፍኖልኛል። ፎቶው አላት፣ መቀሱም አላት፤ ድምፁን ግን አታውቀውም።

"እማማ፣ የአባቴስ ይኖር ይሆን?" አለችኝ።

"አለ እንጂ፤ የት ይሄዳል?" አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችው። ከሁሉም በፊት የአባትሽን ነው የምቀዳልሽ ብዬ ሸኘኋት።

ሐሙስ

አማቼን ሙሽራው ነው የምለው። ከተጋቡ ስንት ዓመታቸው፣ እኔ ግን አንዴ አፌ ላይ ቀርቷል። መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ልጅ ነው። ዛሬ ኮምፒውተሩን ከቴፔ ጋር በገመድ አገናኝቶ፣ አቧራውን ነፍቶ፣ አስቀመጠኝ።

"እማማ፣ ይቺ አረንጓዴ መስመር ከፍ ዝቅ ትላለች። ቀይ እንዳያስነኳት።"

"አንተ ሳትወለድ ነው የቴፕ መርፌ ቀይ ማስነካት የጀመርኩት" አልኩት።

"ካሴት ላይ ይሆናል እማማ፤ ካሴት ይችላል። ይሄ ግን ቀዩን ሲያልፍ ድምፁን ይቆርጠዋል። ኋላ አይጠገንም።"

ለእኔ መቅዳት ሊያስተምረኝ። መርፌዋ ቀዩን ሳም እያደረገች ካልተመለሰች ድምፁ ሞተ ማለት ነው፤ የካሴቱ ሹሹታ ይበላዋል። ይህን ለከተማው ሁሉ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሰው ስሜን ትቶ እትዬ ጆሮ ነበር የሚለኝ። ረዳቶቼንም "ዓይናችሁን ከመርፌው ላይ አንሱና በጆሯችሁ ቅዱ" ነበር የምላቸው። ሙሽራውን እሺ አልኩት። ሲወጣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ቅዳሜ

ልብስ ሰፊው ተቀዳ። መጀመሪያ ድምፁ ሩቅ ሆነብኝ፤ ካሴቱ አርጅቷል መሰለኝ፣ ጨርቅ የሸፈኑት ያህል ደብዝዟል። ከፍ አደረግኩት። አሁንም ራቀብኝ፤ አሁንም ከፍ። መስመሯ ቀይ ሆና ቀረች፤ ሰውዬው ግን መጣ፣ እዚህ ክፍል ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የቆመ እስኪመስል። መልሼ ሰማሁት። እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ ካሴቱን ከረጢት ውስጥ ጣልኩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ እቀዳለሁ፣ እሰማለሁ፣ ካለፈ ወዲያው ከረጢት። አንዷን "ይቺስ ትቅር" ካልኩ ሁለተኛዋም ትቀራለች፤ እንዲህ እያልኩ መደርደሪያውን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ልወጣ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ። በልብስ ሰፊው ከጨከንኩ በሌላው አያቅተኝም ብዬ ነው ከእሱ የጀመርኩት። ፕላስቲክ ሰብሳቢው ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። እስኪታጠፍ ድረስ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ደግ አደረግኩ።

ማክሰኞ

አቧራ። ሳል። የመጀመሪያው መደርደሪያ አለቀ። ሁሉም ካሴት ደብዝዟል፤ አንድም ደህና የለ። ከፍ። ሁለት ከረጢት ሄደ።

ዓርብ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። ደወሉ ደህና ነው ይላል። ፊቴ ቆሞ ተጫነውና "ይኸው" አለኝ። ምኑ ነው ይኸው? እኔ ምንም አላየሁ፣ ምንም አልሰማሁ። ሳይሠራ ሊያስከፍለኝ ነው ብዬ በር አሳየሁት።

እሱ ሲወጣ ጎረቤቴ ገባች። ሙዚቃው በዛብን፣ ሕፃኑ እንቅልፍ አጣ ትላለች። ድሮ ሱቄ ፊት ቆማ በነፃ ስትሰማ የምትውል ሴትዮ ናት። ዛሬ ሙዚቃ ከበዳት።

እሑድ

ልጄ ዘንድ ምሳ በላሁ። እነዚህ ሰዎች ሹክሹክታ ጀምረዋል። ቴሌቪዥኑንም እንደ ሌባ ድምፁን ውጠው ነው የሚያዩት፤ ከፍ ብታደርጉት ምን አለበት ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሳህን ይዤ ማድ ቤት ስገባ ልጄ ስለ ሐኪም እያወራች ደረስኩ። ሁለቱም ጸጥ አሉ። ማነው የታመመው ብላት "ማንም" አለች።

አርግዛ ይሆን? በሆዴ ደስ አለኝ። ራሷ እስክትነግረኝ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ለሕፃኑ ከሆነማ ቁምሳጥኑንም እለቅላቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ ሦስተኛው መደርደሪያ አለቀ። ክፍሉን ዞር ብዬ ሳየው ጥርሱ የወለቀ ሰው መሰለኝ። ካሴት ባለበት ቦታ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ የተቀረው በዘመን ብዛት ቢጫ ነው።

ዘበኛውን ዛሬ ነው ያሰናበትኩት። ዘፈን ሲያልቅበት "ሰላም እደሩ" ብሎ ለማንም ለምንም የሚሰናበት ሰው ነበር፤ ካሴቱ ላይም አለ። ጣልኩት ግን። ፍላሹን መምህሯ ከሰዓት መጥታ ወሰደች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የተቀበለችኝ። ዛሬ ማታ አባቷን ትሰማለች። ይህን ሳስብ የቀረው ሁሉ ይቀለኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በቀዳሁ ቁጥር ከፍ ማድረግ አለብኝ። የመጀመሪያውን መደርደሪያ ስጀምር የድምፅ ማንሻው ቁልፍ የነበረበትና ዛሬ ያለበት አንድ አይደለም። ገመዱ ይሆናል። ሙሽራው ርካሽ ገመድ ነው የገዛው።

ሰኞ

መምህሯ መጣች። ደወሉን ትታ መስኮቱን ነው የቆረቆረችው። ሙሽራውም ነበር፤ ሣጥን ሊያሽግልኝ መጥቶ። ፊቷ ጠቁሯል። ተቀምጣ አወራች፣ አወራች፤ አንድም አልያዝኩ። "ልጄ፣ አፍሽን ከፈት አድርገሽ ተናገሪ" አልኳት። ያኔ ጮክ ብላ ተናገረች፤ መጮኋ ራሷን እያሳፈራት።

"እማማ፣ የአባቴ ድምፅ አይሰማም። ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል። መሃል ላይ አንድ ነገር አለ፤ ይስቅ ያልቅስ መለየት አቃተኝ። የሌሎቹም እንደዚያው ነው። ካሴቱን ይስጡኝና እዚያው ትምህርት ቤት እናስቀዳው።"

"ማጫወቻሽ ነው" አልኳት።

ሙሽራው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። እኔ ሰማሁት፤ ልብስ ሰፊው ነው፣ ምንም አልሆነ። መምህሯ ግን ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሙሽራው ፊቱን አጨማዶ ሊዘጋው ተጣደፈ። እኔ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አያለሁ። ሰው አባቱ ሲዘፍን ጆሮውን ይይዛል?

"ካሴቱስ?" አለች እንደገና።

"ሄዷል" አልኳት። "ከሁሉም በፊት የሄደው እሱ ነው።"

ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ቦርሳዋን አንስታ፣ ጎንበስ ብላ ተሰናብታኝ ወጣች። ሙሽራውም ሣጥኑን ሲያሽግ ዋለ። ቀዩን ነግሬዎት ነበር ቢለኝ ደሜ ይፈላ ነበር፤ አላለኝም። እሱ ነው የባሰው።

ማክሰኞ

ልጄ ከሥራ ቀጥታ መጣች። ፊቴ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቴን ይዛ፣ ቃል በቃል ነገረችኝ። "እማዬ፣ የደበዘዙት ካሴቶቹ አይደሉም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ደወሉም ደህና ነው። እኛም አናንሾካሽክም።"

እኔን። እትዬ ጆሮን። ከፊቴ ጥፊልኝ አልኳት። አልቅሳ ወጣች። ነፍሰ ጡርም አይደለችም፤ ሐኪሙ ለእኔ ነበር።

ረቡዕ

ፕላስቲክ ሰብሳቢውን ፍለጋ ከተማው ዳር ያለው ግቢው ድረስ ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን ዋጠው። የጠርሙስ ክዳን፣ የወንበር እግር፣ የተሰበረ ባልዲ በየዓይነቱ ተከምሯል። የካሴቶቼንም ቀፎ አገኘሁት፤ ባዶውን።

"ክሩን አውጥተን ነው የምናስረክበው እማማ፤ ከፕላስቲኩ ጋር አይቀልጥም" አለኝ።

"ክሩስ?"

"አትክልተኛው ወሰደው።"

ከግቢው ጀርባ ወሰደኝ። የሰላጣ መደብ ነው፤ ዙሪያውን እንጨት ተተክሎ ከእንጨት እንጨት የካሴት ክር ተወጥሯል። ልብስ ሰፊው ይሁን ፀጉር አስተካካዩ፣ ዘበኛው ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል። ሁሉም ቡናማ ነው፤ ዝናብ መትቶታል፣ ተቆራርጧል። ጫፉን ይዤ ልጠቀልል ሞከርኩ፤ እጄ ላይ ተበጣጠሰ።

"ወፍ ይፈራዋል" አለኝ ሰውዬው። "ነፋስ ሲነካው ያፏጫል። ይሰማዎታል?"

እኔ ሲብለጨለጭ ነው ያየሁት።

"አዎ" አልኩት።

እሑድ

ስንት ቀን እስክሪብቶ አላነሳሁም። ዝናብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ መሆኑን ግን ዘንድሮ በመስኮት ነው የማየው። ይህን ጽፌ ቁጭ ብዬ አየሁት። ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ጋ ሄድኩላቸው። ልጄ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ ታርቀናል፣ ብዙም ሳንነጋገር። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፉብኝ። ድምፅ ስትሰሚ ይህን ቁልፍ ተጫኚ ተባልኩ። ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ከመስታወቱ ወዲያ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። እኔ ጠበቅኩ።

"አልጀመራችሁም እንዴ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ ባለ ሐዘኔታ ፈገግ አለችልኝ። ጨርሳ ነበር።

በመሣሪያ ትንሽ ይረዳል አሉ፤ የንግግሩን ያህል። የሙዚቃውን ግን፣ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ፣ እንጃ አሉ። ልጄ ታክሲ ውስጥ እጄን አልለቀቀችውም። አላለቀስኩም። ስንደርስ ቁልፌን ለማግኘት ቦርሳዬን ሦስት ጊዜ በረበርኩት፤ እጄ ላይ ነበር።

ሐሙስ፣ ማታ

አራተኛው መደርደሪያ ቀርቷል፤ በጣም የምወዳቸውን ወደ መጨረሻ ገፍቼ ስለነበር። ከእንግዲህ እኔ አልነካውም። ዛሬ ወንበሩን ለሙሽራው ለቀቅኩለት። አረንጓዴዋን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ካሴትም አንድ አይጣልም ብሏል፣ የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ቦታ ለምኖ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ነርሷ ናት አለኝ፤ ካሴቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። መጣች። ከተረኛነት እንደወጣች፣ ነጭ ገዋኗን ሳታወልቅ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ። አኮርዲዮኑ ቀድሟት ሲነሳ "ቆይ" ስትለው፤ ከዚያ ያ ለስላሳ አጀማመሯ፣ ያ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ቀጭን ክር አድርጋ የምታወጣው። ክሩም ሳይበጠስ እስከ ጫፉ ወጣ። ስንት ወር እንዲህ ጥርት ብሎ አልሰማሁም። ሐኪሞቹ ምን ያውቃሉ አልኩ በሆዴ።

ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቄ "አሪፍ ተቀድቷል፤ አንድ ነገር አልጎደለም" አልኩት።

ሙሽራው ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ ገመድ በጥርሱ ይልጣል። ቀና ብሎ አየኝ።

"እማማ፣ ገና አልጀመርኩም። ገመዱ ተበጥሶ ነው።"

ሁለቴ አስደገምኩት። ከዚያ ከንፈሩን አይቼ ገባኝ። ለካ ሦስቱንም መደርደሪያ ያሳለፍኩት እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጮህ፣ ሲሰነጠቅ፣ እኔ የራሴን ነበር የምሰማው፤ "እሱ ራሱ ነው" ያልኩትም ድሮ የማውቀውን ነው። ኩም ብዬ ተቀመጥኩ። ልጁ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ።

ውሃውን ስጠጣ ነው ልብስ ሰፊው ትዝ ያለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ፈለግኩት፤ እሱም አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መሃል ላይ ያቺ መምህሯን ያስጨነቀቻት ነገር ሳትቀር። ለመምህሯ ደውልልኝ አልኩት።

ቅዳሜ

ክፍሉ ባዶ ነው። መደርደሪያዎቹን አናጺው ነቅሎ ወስዷል፤ ሁለት ወንበርና ማይክሮፎኑ ብቻ ቀርተዋል። መምህሯ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች።

ይቅር በይኝ ማለቱን ጀምሬ አልጨረስኩትም። "መሃል ላይ ያለው ሳቅ ነው" አልኳት። "ያሳቅሽው አንቺ ነሽ። እናትሽ አዝላሽ እዚህ ጥግ ቆማ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንቺም አብረሽ ልትዘፍኚ ጮህሽበት፤ ግጥሙ ጠፋበትና ሳቀ። ደግመን እንቅዳው ብለው፣ ተይው ይኑር አለኝ።"

ኮቷን አወለቀች።

እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስዘፍን አንዲት ስንኝ ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ትንፋሽ የወሰደበትን፣ የቸኮለበትን፣ ያጎተተበትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እንደ ሰማሁት ልበልልሽ፣ ድምፄን ግን ቻዪልኝ አልኳት። እያየችኝ እንደማልችልም ነገርኳት። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ሙሽራው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ አረንጓዴ ነው።

ጀመርኩ። ከዜማው ልውጣ ልግባ በምን አውቃለሁ? ጉሮሮዬ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የሚሰማኝ። እሱን እየተከተልኩ ሄድኩ፤ እሱ ያቆመበት አቆምኩ፣ እሱ የቸኮለበት ቸኮልኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ እሱ የሳቀባት ቦታ ደረስኩ። መሳቅ አቃተኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እንባዬ መጣ። ሙሽራውን ዝጋው ልለው እጄን ሳነሳ ራሱን ነቀነቀብኝ፤ ወደ መምህሯ እያየ።

ዞር ብዬ አየኋት። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ ከጀርባዋ መለየት አልቻልኩም። ሙሽራው ሰምቷታል፤ ማሽኑም ይቀዳል። ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት፤ ግጥሙን ካቆምኩበት አነሳሁት።